እህል የማይቀምሰው ሽማግሌ

እግዜር ለሰው ሁሉ አንድ አንድ ነገር ሳያድል አይፈጥርም ይባላል። ለአንዱ መረዋ ድምፅ፣ ለአንዱ ብርቱ ክንድ፣ ለአንዱም የሚስቱን ንዝንዝ የማይሰማ ጆሮ ይሰጠዋል። ለባሕር ዳሩ ለአቶ ገድሉ የሰጠው የስኳር በሽታ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይኸን የመሰለ ስጦታ አልቅሶ ተቀብሎ፣ መድኃኒቱን ወስዶ፣ ቤቱ አርፎ ይቀመጥ ነበር። ገድሉ ግን አገር ማስታረቂያ አደረገው።

ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው የጀልባ ሞተር ሲጠግን ነው። ወደ ጣና ገዳማት ከሚመላለሱት ጀልባዎች ሞተሩ ገድሉ እጅ ላይ ያልተፈታ የለም ማለት ይቻላል። ጡረታ ወጥቶ ሽምብጥ ካለው ቤቱ ሲቀመጥ የሰፈሩ ሰው ሽማግሌ አደረገው። የተመረጠው በጥበቡ እንዳይመስላችሁ። ሞተር ሥር ኖሮ ጆሮው ስለ ደከመ፣ ሰው ሲናገር ራሱን እየነቀነቀ ዝም ይላል፤ ሕዝቡም ይኸን ትዕግሥት ነው ብሎ ያዘለት።

አብረውት የሚሸመግሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው የቅኔ መምህሩ መርጌታ ወልደ ጻድቅ ሲሆኑ፣ ለማንኛውም ነገር ከመጽሐፍ ጥቅስ አያጡም። ሁለተኛው ጨርቅ ነጋዴው አብዱልበሲጥ ነው፤ ከመርጌታ ጋር ሲከራከር አርጅቷል፤ ያለ መርጌታ ግን መዋል አይችልም።

ልማዱን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ለዕርቅ ሰው ቤት ሲገባ ማዕድ ይቀርባል፤ ሽማግሌዎቹ ግን እጃቸውን አይታጠቡም። «እሺ ካላላችሁን የቤታችሁን እህል ውሃ አንቀምስም» ብለው ይቀመጣሉ፤ ከተቀመጡበትም አይነሡም። እንግዳ በቤቱ ጦሙን ሲውል የሚወድ የለምና እልኸኛውም እየዋለ ይለዝባል። ችግሩ፣ ይኸ ማስፈራሪያ ከሁለቱ ባልንጀሮቹ አፍ ሲወጣ ማንንም አያስደነግጥም። አብዱልበሲጥ ክርስቲያን ቤት የቀረበውን ሥጋ ድሮም አይበላም። መርጌታም ከዓመቱ የሚበዛውን ጦመው የሚውሉ ናቸውና፣ እህል አልቀምስም ሲሉ ሰው «ዛሬ ደግሞ የማን ጦም ነው?» ብሎ ያልፋቸዋል። ስለዚህ የሰፈሩ ዕርቅ እንደ ክረምት ጭቃ የሚጎተት ነበር።

የመጀመሪያው ተአምር የታየው በአንድ የክረምት ቀን ነው። ገድሉ ኢንሱሊን መወጋት በጀመረ ሰሞን ሁለት ጎረቤታሞች በጎርፍ መውረጃ ቦይ ተጣልተው፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች በጧት ተጠሩ። ገድሉ መርፌውን ተወግቶ፣ «ቁርስ እዚያው ይቀርብልኛል» ብሎ አፉን ተጉመጥምጦ ወጣ። እውነትም ቀረበለት። ግን ልማድ ነውና አልነካውም። የቤቱ ጌታ ደግሞ እንደ በቅሎ ግትር ስለ ነበር እሺ ሳይል ረፋዱ ደረሰ።

ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስ ሰውን ሁሉ ጋቢ አስደርቦታል። ገድሉን ግን ላብ አሰመጠው። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ከንፈሩ ደነዘዘ፤ ልቡ ቤንዚን ሊያልቅበት እንዳለ ሞተር አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይደናቀፋል። በሆዱ ዳቦ፣ ዳቦ ይላል። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ዝምተኛ ሰው የቤቱን ጌታ አፍጥጦ አየና «አንተ እንቦጭ» አለው። እንቦጭ ጣናን የወረረው፣ ነቅለው የማይጨርሱት አረም ነው። አስከትሎም «እዚች ሶፋህ ላይ እሞታለሁ፤ አንተም ትቀብረኛለህ» ብሎ ወደ ጎን ዘንበል አለ።

ሽማግሌ ተርቦ በሞተበት ቤት ልጁን የሚድር ሰው አይገኝም። የቤቱ ጌታ ይኸን ሲያስብ ተንደርድሮ ከተጣላው ጎረቤቱ እግር ላይ ወደቀ። ጎረቤቱም ደንግጦ ቦዩን በራሴ ግቢ ላዙረው አለ። ገድሉ በጣፋጭ ሻይ ነፍሱ ሲመለስ ሁለቱ ተቃቅፈው ሲላቀሱ አገኛቸው። ምን ብሎ እንዳስታረቃቸው ትዝ አላለውም። «ጥሩ ተናግሬ ኖሯል» አለ በልቡ፤ ደስም አለው።

ነገሩን ቀድመው የነቁበት መርጌታ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለዕርቅ ሲሄዱ በር ላይ ቆም ብለው በጆሮው «ተወግተሃል?» ይሉታል። ተወግቻለሁ ካለ በእርጋታ ይገባሉ፤ ካልተወጋ ቀጠሮው ይዛወራል። አብዱልበሲጥ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ተምር ይዞ ይቀመጣል። ሥራው በአንድ ዓይኑ ባለጉዳዩን፣ በሌላው ገድሉን እያየ ተምሯን በሰዓቷ ማጉረስ ነው። ቢቸኩል ዕርቁ ይበላሻል፤ ቢዘገይ ሽማግሌው ይበላሻል። «የአላህ ያለህ፣ እንዲህ ያለ ንግድ ነግጄ አላውቅም» ይል ነበር።

ገድሉ የከሸፈበት ቀንም አለ። ሠርግ ላይ አምሽቶ፣ ድፎውንም ለስላሳውንም ሲያወርድ ቆይቶ፣ በማግሥቱ ፔዳ ግቢ ሁለት የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ሊያስታርቅ ሄደ። ያን ቀን ስኳሩ ሰማይ ነክቷል። ውሃ አንቀምስም ብሎ በተናገረበት አፉ አንድ ጆግ ውሃ ጨለጠ፤ ሌላም አስመጣ። ከዚያም ሽማግሌ አይነሣም የተባለው ሰው ወደ ሽንት ቤት ይመላለስ ጀመር። እሱ በወጣ ቁጥር መምህራኑ ያቆሙትን ስድብ ይቀጥላሉ፤ ሲመለስ ዝም ይላሉ። በመጨረሻ ሲመለስ ሁለቱም ሄደዋል። እስከ ዛሬም አይነጋገሩም።

ይኸን ሁሉ ስትታገሥ የኖረችው ሚስቱ ሰብለ ወንጌል ናት። አንድ ቀን ግን በቃኝ ብላ ጤና ጣቢያ ወደምትሠራው ነርስ፣ ወደ ሲስተር ዘይነት፣ እጁን ይዛ ወሰደችው። «ይኸ ሰው መርፌውን እየተወጋ እህል አልቀምስም ይላል፤ እኔ ደግሞ ማቅ ለመልበስ አልቸኮልሁም» አለቻት።

ዘይነት የገድሉን ጠባይ ታውቀዋለችና በሚገባው መንገድ ነገረችው። «ጋሽ ገድሉ፣ ሰውነት ማለት ለአፍታ የማይበተን ሽምግልና ነው። ሙቀት ሲበዛ ላብ አውጥቶ ያበርዳል፤ ብርድ ሲሆን አንቀጥቅጦ ያሞቃል። ውሃ ሲያንስ ኩላሊትን ‹ያዝ› ይለዋል፣ እርስዎን ደግሞ ‹ጠጣ› ይልዎታል። በልተው ስኳር ደም ውስጥ ሲበዛ ቆሽት ኢንሱሊንን ትልክና በየቤቱ በር አስከፍታ ታስገባዋለች። ሲያንስ ወደ ጉበት መልእክተኛ ትልካለች፤ ጉበትም ካስቀመጠው ያወጣል። የእርስዎ ቆሽት ግን ሽምግልናውን ትታ ወጥታለች። በመርፌ የሚገባው ኢንሱሊን ደግሞ በልተዋል አልበሉም ብሎ አይጠይቅም፤ የተላከበትን ሠርቶ ነው የሚሄደው። ያን ጊዜ ሰውነት የአደጋ ደወል ይደውላል። ላብዎ ሙቀት አይደለም፣ መንቀጥቀጥዎም ብርድ አይደለም፤ ደወሉ ነው።»

«ሲበዛስ?» አለ ገድሉ።

«ሲበዛ ኩላሊት መያዝ ያቅተውና በሽንት ይለቀዋል። ስኳሩ ውሃውን እየጎተተ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሰው ይጠማል፤ ቢጠጣ ቢጠጣ አይረካም። እየበላም ይከሳል። ውሃ ካጣ ደግሞ ይደርቃል።»

ገድሉ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ጉዳዩ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ኮፍያውን እያስተካከለ «እንዲህ ላለ ሰው እንዲበረታ ተብሎ ጧትና ማታ ብርዝ ቢሰጡትስ?» ብሎ ጠየቃት።

«የማር ውሃ? እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው» አለችና ሳቀች። ገድሉ አልሳቀም። ወደ ቤት ሲመለሱ ሰብለ ወንጌል ያለችውን ሁሉ እሺ አላት፤ የጠየቀው ስለ ማን እንደ ሆነ ግን አልነገራትም። በማግሥቱም ሳይበላ ለሽምግልና ወጣ።

የጠየቀው ስለ እናቱ ነው። እማ ወለተ ኪዳን አንበሳሜ ውስጥ ከታላቅ ልጃቸው ከአምሐ ጋር ይኖሩ ነበር። በስተርጅና አንድ ጥም ያዛቸው። እንስራ ሙሉ ውሃ ቢጠጡ አይበቃቸውም፤ ሥጋቸውም እንደ ሻማ እየቀለጠ አለቀ። ምን እንደ ነካቸው የሚያውቅ አልነበረም። አምሐ ግን ውሃው ነው አካላቸውን የሚያጥበው ብሎ እንስራውን ደበቀባቸው። ገድሉ ሊጠይቃቸው ሄዶ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ አፋቸው ደርቆ ቢያገኛቸው ከወንድሙ ጋር ግብግብ ገጥሞ ባሕር ዳር ይዟቸው መጣ። እዚያም ውሃ አልከለከላቸውም። እንዲበረቱለት ብሎ ምርጥ ማር ገዝቶ፣ በጥብጦ፣ ብርዙን በገዛ እጁ ያጠጣቸው ነበር። ብዙም አልቆዩለት።

በቀብራቸው ላይ አምሐ በሕዝብ ፊት «በእግሯ የወጣችውን እናቴን በሣጥን መለስህልኝ» አለው። ገድሉም «ለእናቱ ውሃ የነፈገ ሰው አፍ የለውም» ብሎ መለሰ። ያን ቀን የተለያዩ ወንድማማቾች ዳግመኛ ሰላም አልተባባሉም። ዘይነት ስለ ብርዙ ከነገረችው ወዲህ ደግሞ የገድሉ ነገር ባሰ። ወንድሙን ጥፋተኛ ማድረግ ቢያቆም፣ ብርዝ የያዘች የገዛ እጁን ማየት ሊጀምር ነው። እሱን ደግሞ ፈራ። ስለዚህ የሰውን ጠብ ማብረዱን ይበልጥ ገፋበት፤ የራሱን ሳያስብ ቀኑ እንዲሞላለት።

ዝናውን ያወረደችው መቅደላዊት የምትባል ሴት ናት። ከእኅቷ ጋር ሊያስታርቋት ቤቷ ተሰይመዋል። ገድሉ ተወግቷል፤ ላቡ መጥቷል፤ እጁም ተንቀጥቅጧል። መቅደላዊት አላዘነችም፤ አልደነገጠችም። ብርጭቆ ሙሉ ሻይ ስኳሩን አብዝታ አማስላ ከፊቱ አስቀመጠችለት። «ይጠጡ፣ አባቴ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይላሉ። እርስዎ የገዛ ወንድምዎን ሳይታረቁ በየቀኑ እህል እየቀመሱ፣ እኔ ቤት ሲመጡ አልቀምስም ቢሉኝ ምን ይገርመኛል?»

አብዱልበሲጥ ተምሩን ኪሱ ውስጥ እንደ ጨበጠ ቀረ። መርጌታ ጥቅስ ፈለጉ፤ አላገኙም። ገድሉ ሻዩን አነሣና ጠጣው። ጣፋጭ ነበር፤ እንደዚያ የመረረው ነገርም የለም።

ወሬው ከሽምብጥ እስከ መሸንቲ ተዳረሰ። ከዚያ በኋላ የሚጠራቸው ጠፋ። መርጌታ አንድ ቀን ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡና «ልጄ፣ አንበሳሜ እንሂድ» አሉት። ገድሉ እንቢ ሊል አፉን ከፈተ፤ ሰብለ ወንጌል በር ላይ ቆማ ስታየው መልሶ ገጠመው።

በሄዱበት ጧት ገድሉ መርፌውን ተወጋ፤ ቁርሱን አልነካም። ሰብለ ወንጌል «ዛሬም?» ስትለው «ዛሬማ በተለይ» አላት። የሚሄደው ሊታረቅ ሳይሆን ሊያሸንፍ ነበር። አምሐ ሲንቀጠቀጥ አይቶት ይደነግጣል፤ ደንግጦም ጥፋተኛ እኔ ነኝ ይላል፤ ነገሩ በዚያ ይዘጋል። ሰብለ ወንጌል አንድ ብልቃጥ ማር ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተከተለችው። ሚኒባሱ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ ሐሙሲትን አልፎ፣ በአቧራው መንገድ ወደ አንበሳሜ ሲታጠፍ ገድሉ ማዛጋት ጀምሮ ነበር።

አምሐ ጋቢውን ተከናንቦ ከመደቡ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። አልተነሣላቸውም። ሚስቱ ፅጌ ማርያም ግን ተሯሩጣ ዶሮውን አቀረበች፤ ለአብዱልበሲጥም ሽሮውን ለብቻው አደረገችለት። መርጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የተለመደውን ተናገሩ፤ እሺ እስክትሉን የቤታችሁን እህል ውሃ አንቀምስም አሉ።

«መልካም» አለ አምሐ። «እንግዲያስ እኔም አልቀምስም። ይኸ ሰው እናቴን ገደልሁ ብሎ ይቅርታ እስኪጠይቀኝ ድረስ በገዛ ቤቴ እህል ውሃ በአፌ አይዞርም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ባለቤት በራሱ ማዕድ ላይ ሲያድም መርጌታም አይተው፣ አንብበውም አያውቁም። የዶሮው ሽታ ብቻ ከአንዱ አፍንጫ ወደ አንዱ ይዞራል።

ጥቂት ቆይቶ የገድሉ ላብ መጣ። ቀና ብሎ ወንድሙን ቢያየው አምሐም አልቦታል። «ጸጸት ነው» አለ ገድሉ በልቡ። የገድሉን ላብ ያየው አምሐም እንደዚያው አለ። የገድሉ እጅ ተንቀጠቀጠ፤ የአምሐም ተንቀጠቀጠ። ቆይቶ ገድሉ አምሐን ሁለት አድርጎ ያየው ጀመር። ከሁለቱ አምሐዎች አንደኛው መታረቅ የሚፈልግ መሰለው፤ ያኛው ነው የሚከለክለው። ለበጎው አምሐ ብቻ የሚሰማ ነገር ሊናገር ሞከረ፤ ምላሱ ግን አልታዘዘለትም።

በዚህ መሐል አምሐ የቤቱን ምሰሶ አፍጥጦ አየና «አንተ ምን ታፈጣለህ?» አለው።

ሰብለ ወንጌል ብድግ አለች። ይኸን ነገር በቤቷ ታውቀዋለች፤ ገድሉ ቁም ሣጥኑን የተሳደበበት ቀን ነበር። «አያ አምሐ፣ እርስዎም ይወጋሉ እንዴ?»

ፅጌ ማርያም ናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የተናገረችው። «ይወጋል። ዛሬም ተወግቶ ቁርሱን አልበላም። ‹የወንድሜን ብልሃት ከገበያ ሰምቻለሁ፤ የምን በሽታ እንደ ሆነም አውቀዋለሁ፤ ሲመጣ በገዛ መሣሪያው እጠብቀዋለሁ› ብሎኝ ነው።»

መቼም ሰው የሚያፍረው እዚህ ላይ ነበር። እነሱ ግን አላፈሩም። ሁለቱ ሴቶች የስኳር መለኪያቸውን አውጥተው የየባላቸውን ጣት ወጉ፤ አብዱልበሲጥ ዳኛ ሆኖ አነበበ። «የሁለቱም ወርዷል፤ የገድሉ ይብሳል» አለ። ገድሉ በደነዘዘ ከንፈሩ ፈገግ አለ፤ እንዳሸነፈ ነው የቆጠረው። አምሐም ይኸን አይቶ ጣቱን ዘረጋና «ድገሙኝ» አለ።

ሰብለ ወንጌል ማሯን አወጣች። ሁለቱም አፋቸውን ገጠሙ። መርጌታ ወዲያው ነገሩን ያዙት። «እህልና ውሃ ነው አንቀምስም የተባለው። ማር ግን እህል ነውን? ንብ ከአበባ ትቀስማለች። ነገር ግን አበባው የኑግ ከሆነ፣ ኑግ ደግሞ...»

«መርጌታ፣ ሰዎቹ እየሞቱ ነው» አለ አብዱልበሲጥ።

ክርክሩን የዘጋችው ፅጌ ማርያም ናት። በእንጀራ ቁራሽ ማሩን እያጠቀሰች አንዱን በባሏ እጅ፣ አንዱን በገድሉ እጅ አስያዘች። «እናንተ አትቅመሱ። ማጉረስን ግን ማንም አልማለበትም።»

ይኸ ነገር ለሁለቱም እኩል ገባቸው። ገድሉ «ካጎረስሁት የቀመሰው እሱ ነው፤ ተሸነፈ ማለት ነው» አለ በልቡ። አምሐም ከዚህ የተለየ አላሰበም። ስለዚህ እየተንቀጠቀጡ እንደ ጦር ተወራወሩ። የገድሉ የመጀመሪያ ጉርሻ የወንድሙን ጆሮ አገኘው። የአምሐ ጉርሻ ገድሉ ጢም ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛው አፍንጫና አገጭ አዳረሰ። በሦስተኛው ግን ሁለቱም ለመሳደብ አፋቸውን በከፈቱበት ቅጽበት ሁለቱም ጉርሻዎች ገቡ። ማን ቀድሞ ቀመሰ የሚለውን መርጌታና አብዱልበሲጥ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

አንዴ ከቀመሱ ወዲያ የሚያግዳቸው አልነበረም። ሴቶቹ እየፈሩ ማሩን ጨመሩላቸው፤ ብልቃጡ አለቀ። ዶሮውም፣ እንጀራውም ተከተለ። ላቡ ደረቀ፤ እጃቸው ረጋ፤ አምሐም አንድ ብቻ ሆነ። ልባቸው ሲመለስ ግን ኃፍረቱም አብሮ መጣ። ማር በማር ሆነው፣ እንደ ሕፃን ተጎራርሰው፣ ያልታረቁ ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ፀሐይዋም ከሣር ቤቶቹ በላይ ዘንበል ማለት ጀመረች።

ከዚያ ጥሙ መጣ። ያ ሁሉ ማርና ምግብ ደማቸው ውስጥ ገብቶ፣ ወርዶ የነበረው ስኳር አሁን ከልኩ አልፎ ወጣ። የገድሉ ምላስ ከላንቃው ጋር ተጣበቀች። ዙሪያውን ቢያይ ውሃ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ የውሃው ጆግ አምሐ ጉልበት አጠገብ ተቀምጧል። ሰብለ ወንጌልን ሊጠቅሳት አሰበ፤ ከፅጌ ማርያም ጋር ወደ ጓዳ ገብታለች። ከዚህ ሰው እጅ፣ ከሰው ሁሉ መርጦ ከዚህ ሰው እጅ፣ ውሃ ሊለምን ነው? ከንፈሩን በምላሱ ዳሰሰው። ሻክሯል። እናቱ በዚሁ መደብ ላይ፣ እንዲህ በደረቀ ከንፈር፣ ወደ በሩ እያዩ ይተኙ ነበር።

ያኔ ጥሙን ረሳው። የፈራው ነገር ሳይጠራ መጣበት።

«አያ» አለ። ከቀብሩ ቀን ወዲህ እንዲህ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። «ብርዝ አጠጣኋት። ጧትም ማታም። እንድትበረታልኝ ብዬ ማሩን አበዛሁት። እሷ እኮ ‹በቃኝ ልጄ› ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ያስገደድኋት።»

አምሐ ጆሮው ላይ የደረቀውን ማር በጥፍሩ ሲፋቅ ቆየ።

«እኔ እንስራውን ከጓዳ አውጥቼ ከጎረቤት ደበቅሁባት» አለ። «ስትለምነኝ እሰማ ነበር። እየሰማሁ እወጣ ነበር። እኔን ሲይዘኝ ነው ያን ጥም ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ ውሃ በጠጣሁ ቁጥር እሷን እሰማታለሁ።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«አንተስ?»

አብዱልበሲጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መርጌታ ጥቅስ አልፈለጉም፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ገድሉ አለቀሰ። ሰው ያየኛል ሳይል፣ ላቡ ከእንባው ሳይለይ የኖረ ሰው፣ ይኸኛው እንባ እንደ ሆነ አውቆ አለቀሰ።

አምሐ ጆጉን አነሣ። እጁ እንደገና ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ግን ስኳሩ አልወረደም። ኩባያውን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ተነሥቶ፣ መደቡን ዞሮ በወንድሙ እጅ ላይ አስቀመጠው።

«ጠጣ፣ ገድሉ» አለው። «በዚህ ቤት ከእንግዲህ ለማንም ውሃ አይከለከልም።»

ገድሉ እስከ ሥሩ ጨለጠው፤ አምሐም ሳይጠየቅ ደግሞ ሞላለት።